ያልተቆረጠው ሸሚዝ

በአደን ጎጆአችን ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ በጨርቅ ቁራጭ ተሸፍኗል። አጋዘን አይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ተኩሶ የሳተ ሰው ወደ ጎጆው ሲመለስ ሸሚዙን ከሱሪው ያወጣል። የኋላው ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል፤ ስሙና ቀኑ ይጻፍበትና ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። ደንቡን ያወጡት አያቶቻችን ናቸው፤ ይግባኝ የለውም። የእኔ አራት ቁራጭ እዚያ ተሰቅሏል። አንደኛው ባለቤቴ ለልደቴ የገዛችው አዲስ ሸሚዝ ስለነበረ ነገሩ እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ይነሳል።

መቀሱ የሚቀመጠው ዌስ ኮስኬላ ዘንድ ነበር። ዌስ የጎጆው ወጥ ሠሪ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብልቶናል። የሁላችንንም ሸሚዝ እየሣቀ ቆርጧል፤ የእሱን የቆረጠ ግን አልነበረም። ለመሳት መጀመሪያ መተኮስ ያስፈልጋል፤ ዌስ ደግሞ ጠመንጃ እንዳይነካ ሕግ ከልክሎት ነበር።

ጥፋቱን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ ቅዳሜ ከጓደኛው ጋር ሲጠጣ ውሎ፣ ከሐይቁ ዳር ያለ የአንድ የቺካጎ ሰው የበጋ ቤት መስኮት ሰብረው ገቡ። ያነሱት አንድ የሞተር መጋዝና አንድ ሳጥን ቢራ ነው። መጋዙን መኪናቸው ላይ ጫኑ፤ ቢራውን ግን እዚያው ጠጥተው እዚያው ተኙ። የቀሰቀሳቸው ፖሊሱ ነው። እንዲህ ያለ ሌባ እንኳን ለሌላው ለራሱም አይበጅም። ያም ሆኖ ቤት ሰብሮ መግባት በሚሺጋን ከባድ ወንጀል ነው፤ ዌስ አንድ ዓመት ታስሮ ሦስት ዓመት ደግሞ በገደብ ቆየ። ከዚያ ጋር ጠመንጃ የመያዝ መብቱ ሄደ።

አባቱ ኦንኒ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ልጁ በተፈረደበት ቀን ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዶ በብርድ ልብስ ጠቀለለና የሚስቱ ወንድም አርቪድ ኒሚ ዘንድ ወሰደው። «እስኪፈታ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኦንኒ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ጠመንጃው አርቪድ ቤት ቀረ።

ዌስ ሲፈታ የአውራጃው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ሆነ፤ ማርሊንን አገባ፤ ጆዲን ወለዱ። በኅዳር አደን ሲከፈት ድስቱን ጭኖ ከእኛ ጋር ወደ ጎጆው ይመጣል። በዚህ አገር አደን ሲከፈት ቤቱ የቀረ ወንድ ወይ ታሟል ወይ ሚስቱን ፈርቷል። ዌስ እኛ ጫካ ስንውል ሥጋ ቀቅሎ፣ ሊጥ አቡክቶ ዳቦ ጋግሮ፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ሳውናውን አንድዶ ይጠብቀናል።

ስለ ጠመንጃ ያለው ጥንቃቄ ግን ሰው የሚያስለቅስ ነበር። ገበታው ላይ ጠመንጃ የተወ ሰው ካለ ሳህን አያስቀምጥም። «ብረትህን አንሳ፣ ሾርባው መጣ» ይላል። አንድ ጊዜ የእኔ ጠመንጃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ ደጅ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ዌስ ጭልፋውን ይዞ አጠገቡ ቆሟል፤ ወጡ ከኋላው እያረረ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጠመንጃህ ወድቋል።»

«ታዲያ አታነሳውም?»

«አንተ እያለህ ለምን እስር ቤት እገባለሁ?» አለና ወደ ወጡ ዞረ። የዚያን ቀን የበላነው ምሳ ከሰል ከሰል ይል ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ማርሊን ሞተች። ዌስ ጉልበቱን ታሞ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ጆዲ «አባዬ፣ ብቻህን አትሆንም» ብላ ቤቷ ወሰደችው። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ጆዲ ከማናችንም የተሻለች አዳኝ ናት፤ ዌስ የሚኖርበት ቤት ውስጥ ግን እጁ የሚደርስበት ጠመንጃ መኖር የለበትም። ስለዚህ የራሷን ጠመንጃ ጎረቤት አስቀመጠች። አደን ሲከፈት በማለዳ ብርቱካናማ ካፖርቷን ለብሳ፣ በረዶውን እየረገጠች፣ የሰው በር ታንኳኳለች። ጎረቤቷ በውስጥ ሱሪው ሆኖ እያዛጋ ጠመንጃዋን ያቀብላታል።

ዌስ ይህን ሁሉ በኩሽናው መስኮት ያያል። አንድ ቀን እኔው ቤት ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ራስል፣ እኔ ላጠፋሁት እኔ ብከፍል አይከፋኝም። ልጄ ስታንኳኳ ማየት ግን አልቻልኩም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም ወደ ሌላ ዞር አልኩ።

በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት መዝገቡን አገላበጠችና «ቅጣትዎን ከጨረሱ አምስት ዓመት ሲሞላ ማመልከት ይችሉ ነበር፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው» አለችው።

«ማንም አልነገረኝም» አለ ዌስ።

«ማንን ጠየቁ?» አለችው።

በሃያ ሁለት ዓመቱ ያፈረው ኀፍረት ሲጠይቅ እንዳይታይ አድርጎት ነው የኖረው። ቅጹን ተቀብሎ ወጣ።

ዳኛው መብቱን የሚመልሰው፣ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሕግ አክብሮ መኖሩንና ለሌላው ሰው የማያሰጋ መሆኑን ሲረዳ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው እኔ ብልጥ ሆኜ የገባሁት። «የምን ደብዳቤ? መጽሐፍ አለን» አልኩ።

እያንዳንዱ ጎጆ መዝገብ አለው፤ የእኛን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ፖስታ ሳድል የኖርኩ ስለሆንኩ ጽሑፌ ይነበባል። አየሩ እንዴት እንደነበረ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደጣለ፣ ምን እንደበላን በየቀኑ አሰፍራለሁ። በየገጹ «ወጥ ሠሪ፦ ዌስ» ይላል። የሠላሳ ስድስት ዓመት ምስክር ከየት ይገኛል? አምስቱንም ደብተር በካርቶን አድርጌ እያፏጨሁ ለፍርድ ቤቱ ሰጠሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ አደን አያውቅም፤ ሥራ ይወዳል። አምስቱንም ደብተር አነበባቸው። እኔ ራሴ አንብቤያቸው አላውቅም።

በጥቅምት መጀመሪያ ጉዳዩ ሲሰማ ዌስ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ብቻውን ቆመ። ጆዲና እኔ ከኋላ አግዳሚው ላይ ነበርን። ዐቃቤ ሕጉ ሦስተኛውን ደብተር ከፍቶ ተነሣ።

«አቶ ኮስኬላ፣ ይህ መዝገብ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የሚጽፈው ራስል ነው፤ ስለ ነጥብና ሰረዝ እንኳ ይጨነቃል።»

«እንግዲያውስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈውን ላንብብልዎት። 'ዌስ ዛሬ ቀንዱ ባለ ስምንት ቅርንጫፍ የሆነውን አጋዘን ጣለው። በአንድ ጥይት፣ ከአሮጌው የባቡር መስመር አጠገብ። እጁ ይባረክ።'»

የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደጻፍኩትም ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አዳኝ አንድ ካርድ ይገዛል፤ በአንድ ካርድ አንድ አጋዘን ነው። የጣለ ሰው ካርዱን ቀንዱ ላይ ያስራል፤ የዚያ ዓመት አደኑ አለቀ ማለት ነው። በቀስት ማደን ለዌስ አልተከለከለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ካርድ ይገዛ ነበር። ቀስቱ ግን ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። በዚያ ዓመት አርቪድ የራሱን አጋዘን በመጀመሪያው ቀን ጣለ። በአራተኛው ቀን ማገዶ ሊያመጣ ወጥቶ፣ ከልማድ ጠመንጃውን አንግቶ ሳለ ያ ባለ ስምንት ቅርንጫፍ ፊቱ ቆመ። እጁ ከአእምሮው ቀደመ። ሥጋው እንዳይበላሽ፣ ሽማግሌውም እንዳይዋረድ፣ በዌስ ካርድ አሰርነው። በየጎጆው የሚደረግ ነው፤ የሚናገረው ግን የለም። የአደን ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገቡን ቢያይ ብዬ እኔ የዌስን ስም ጻፍኩ። አንዲት ትንሽ ጥፋት ልሸፍን ብዬ አንድ ትልቅ ወንጀል በራሴ ቀለም ጻፍኩበት። እጁ ይባረክ የሚለውን ደግሞ ማን ጨምር አለኝ?

ዳኛ ሃሎራን መነጽሯን አወለቀች። ጥብቅ ሴት ናት፤ ግን ሰው ታዳምጣለች። «አቶ ኮስኬላ፣ ተኩሰዋል?»

«አልተኮስኩም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ታዲያ ማን ተኮሰ?»

ዌስ ጫማውን አየ። «እሱን አልናገርም።»

«ለምን?»

«የእኔ ጉዳይ ስላልሆነ።»

«አሁን የእርስዎ ጉዳይ ሆኗል። ከተኮሱ ማመልከቻውን መከልከል ብቻ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ አዲስ ክስ ሊያመጣ ይችላል። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ ፈራሁ። ዳኛዋ ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥታ ስትነሳ እኔ ገና አግዳሚውን እንደያዝኩ ነበርኩ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ዌስን ደረስኩበት። ጆዲ ሞተር አስነስታ ትጠብቀዋለች፤ እኔን ማየት አልፈለገችም፤ አልፈርድባትም።

«ተመልሼ ልነግራቸው ነው» አልኩት።

«ተው።»

«ዌስ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አንተ ስትናገር አርቪድ ይነሳል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። የዚህን አውራጃ ልጅ ሁሉ ጠመንጃ አያያዝ ያስተማረ ሰው ነው። ማምሻው ላይ ሕግ ጣሽ ተብሎ ይቀበር?»

«አንተስ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ያቃጠለኝ ይህ ነው። ቢሰድበኝ፣ ደብተሩን በራሴ ላይ ቢፈጠፍጠው እሄድና እተኛ ነበር። ለምጄዋለሁ ሲል ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሾርባውን እየጠጣን ምን እንደተሸከመ ያልጠየቅን እኛ መሆናችን ታየኝ። በቀጥታ ወደ አርቪድ ቤት ነዳሁ።

አርቪድን ሁላችንም አጎት እንለዋለን፤ እውነተኛ አጎትነቱ ግን ለዌስ ነው። ከጓሮው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዓሣ እየበለተ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቢላዋውን አላቆመም።

«ወረቀቱ ላይ የእሱን ስም ነው የጻፍከው?»

«እርስዎን ላድን ብዬ ነው፣ አጎት አርቪድ።»

«እኔን ከዝናብ አድነህ እሱን ሐይቅ ውስጥ ከተትከው።»

አንድ ዓሣ ጨርሶ ሌላ አነሣ።

«ቀንዱ የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከጣራው ሥር ነው። ሳሎን ልሰቅለው ምስማር መትቼ ነበር። ምስማሩ አለ፣ ቀንዱ አልወረደም። እንግዳ ሲመጣ ለምን እንደሆነ እንዳይጠይቀኝ ምስማሩ ላይ የቀን መቁጠሪያ እሰቅላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ጠመንጃ እያስተማርኩ ቤቴ ውስጥ ምስማር እፈራለሁ።» ቢላዋውን ጠረገና አስቀመጠ። «መቼ ነው ቀጠሮው?»

«ዌስ እንዳይመጡ ይፈልጋል።»

«ዌስ የእህቴ ልጅ ነው፤ አባቴ አይደለም። መቼ ነው አልኩህ?»

በቀጠሮው ቀን አርቪድ ቀንዱን ታቅፎ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ጠባቂው አስቆመው። «አጎት አርቪድ፣ ስለታም ነገር ይዞ መግባት አይቻልም።»

«ይህ ስለት ነው?»

«ስምንት ስለት ነው» አለ ጠባቂው። ከዚያ ቀንዱን ተቀበለውና ራሱ ተሸክሞ ከፊቱ ገባ። እሱም የአርቪድ ተማሪ ነበረ።

ዌስ አርቪድን ሲያይ ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠብኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ተቆጥቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደስ አለኝ።

አርቪድ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ተቀመጠ። ቀንዱ ላይ የታሰረው ካርድ ቢጫ ሆኗል፤ ስሙ ግን ይነበባል። «ካርዱ የዌስ ነው» አለ፤ «ጥይቱ የእኔ ነው። እሱ ያን ሰዓት ድንች ይልጥ ነበር።»

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ስላፈርኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ዳኛዋ ቀንዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሦስተኛው ደንብ ምን ነበር፣ አቶ ኒሚ?»

አርቪድ ቀና አለ። በየዓመቱ በመጀመሪያው የጠመንጃ ትምህርት ልጆቹን በአንድ ድምፅ የሚያስብላቸው ደንብ ነው። «የወጣ ጥይት የተኳሹ ነው።»

«በአሥራ ሁለት ዓመቴ በቃሌ አስጠንተውኛል» አለች። ዐቃቤ ሕጉ ሊቃወም ብድግ ሲል «ቁጭ ይበሉ» አለችው። «በዚህ አውራጃ እሳቸው ያላስተማሩት ዳኛ ከፈለጉ ከሌላ አገር ማስመጣት ሊኖርብን ነው። ጉዳዩ አሥራ ስድስት ዓመት የቆየ ነው፤ የሚከሰስ የለም። እዚህ ያለነው ስለ አቶ ኮስኬላ ነው።»

ቀጥሎ እኔ ወጣሁ። የሐሰት መጻፌን ተናገርኩ፤ ስለ ጭልፋውና ስለ ወደቀው ጠመንጃም ተናገርኩ። ዐቃቤ ሕጉ ግን በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም።

«አንድ ጊዜ እንደዋሹ አመኑ። ታዲያ የቀረውን ለምን እንመን? ሽማግሌው ለእህታቸው ልጅ ብለው፣ እርስዎ ለጓደኛዎ ብለው ሊሆን ይችላል።»

እውነቱን ነው። ዌስን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ጆዲ ሁለት እጇን ጉልበቷ መካከል ጨምቃ ይዛለች። ያን ጊዜ ግድግዳው ትዝ አለኝ።

«እኔን አይመኑኝ» አልኩ። «ግድግዳውን ይመኑ።»

«የምን ግድግዳ?»

ስለ ሸሚዙ ነገርኩት። በጎጆው ያለን ሁላችን ቢያንስ አንድ ቁራጭ እዚያ እንዳለን፣ አርቪድ ራሱ ሦስት እንዳለው፣ ሁሉም ስምና ቀን እንዳለበት ተናገርኩ። «የዌስ አንድ እንኳ የለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመንጃ ይዞ አንዴም ያልሳተ ሰው በዚህ አገር ካለ አምጡልኝና እግሩን ላጥበው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሣቁ። ዐቃቤ ሕጉ ግራ ገብቶት ወደ ጠባቂው አየ። ጠባቂው «እኔ ሁለት አለኝ» አለ። ጸሐፊዋ ከማሽኗ ቀና ሳትል «አንድ» አለች። ዳኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የእኔን ቁጥር መዝገብ ላይ አላሰፍርም» አለች።

ከዚያ ወደ ዌስ ዞረች። «አቶ ኮስኬላ፣ ባለፈው ቀጠሮ ስም ቢጠሩ ኖሮ ያኔውኑ ያልቅልዎት ነበር።»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«መብትዎ ቢመለስ ምን ያደርጋሉ?»

ዌስ ለዚህ ጥያቄ ወረቀት ላይ መልስ ጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያረምኩለት። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ አጠፈው። «ልጄ የሰው በር ማንኳኳቷን ታቆማለች» አለ። «የአባቴ ጠመንጃም ቤቱ ይገባል። ከዚህ ሌላ የምፈልገው የለም። መተኮስ እንኳ ረስቼዋለሁ።»

ዳኛዋ ዐቃቤ ሕጉን «ተቃውሞ አለዎት?» አለችው። ወጣቱ ደብተሩን አየ፣ ቀንዱን አየ፣ አርቪድን አየ። «የለኝም» አለ። ፈረመች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። ጆዲ አባቷን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ፣ ማንም አላቀፈኝም እንጂ። ከዚያ ጆዲ እጇን ዘርግታ በኮቴ እጅጌ ሳበችኝና «ና አንተ ደብተራም» አለችኝ።

አርቪድ በዚያው ሳምንት ክፍሉ ገብቶ ስለ ባለ ስምንት ቅርንጫፉ ለልጆቹ ተናገረ። ማስተማሩን ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ የልጆቹ እናትና አባት አልለቀቁትም።

አደኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን ወደ ጎጆው አመጣው። ያው የኦንኒ ብርድ ልብስ ነው። በየዓመቱ ዘይት ሲቀባው ኖሯል፤ ብረቱ ያበራል። ገበታው ላይ አስቀምጦ ገለጠው። ዌስ ከምድጃው ዞረ። እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠርግ አርቪድ «ሊጥ አይደለም፣ አይጣበቅም» አለው።

«ብረትህን አንሳ» አልኩት እኔ፤ «ሾርባው መጣ።»

አነሣው። አባቱ እንደሚይዘው በግራ ክንዱ ላይ አሳረፈው። ይህን አያያዝ ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቁርሳችንን አብልቶ፣ ሳህኑን ሳያጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ ትቶት፣ ከጆዲ ጋር ወጣ። እሷ ከጅረቱ ማዶ፣ እሱ አባቱ ይቀመጥበት ከነበረው የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከእሱ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። አንድ ተኩስ ጥሩ ነው፣ መትቷል ማለት ነው ይላሉ አዳኞች። እንደገና ይተኩስ እንደሆነ ጠበቅሁ። አልተኮሰም።

ወደ ጎጆው ስገባ አርቪድ ከምድጃው ፊት ተቀምጧል። ዌስና ጆዲ ከኋላዬ ገቡ። የዌስ ጉንጭ ከብርዱ ቀልቷል፤ ባርኔጣው ተጣሟል።

«ምን ነበር?» አለ አርቪድ።

«ወንድ ነው። ባለ ስምንት።»

«ስንት እርምጃ?»

«ስልሳ።»

«ታዲያ የት ነው?»

ዌስ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አሳይቶ መደርደሪያው ላይ አቆመው። ካፖርቱን አወለቀ። ከሥሩ ጆዲ የገዛችለትን ቀይ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ቀስ ብሎ ከሱሪው አወጣውና ጀርባውን ሰጠን። መቀሱን ከመሳቢያው አውጥቶ ለልጁ አቀበላት።

«ቆንጆ አድርገሽ ቁረጪው» አለ። ሣቅ ይሁን ልቅሶ ከጀርባው መለየት አልቻልኩም፤ ፊቱን ሲያዞር ሁለቱም ነበረበት።

ጆዲ ቆረጠችው። አርቪድ ሦስት ጊዜ ጣቱን መትቶ ምስማሩን አስገባው። እኔ መዝገቡን ከፈትኩ። «ዌስ ኮስኬላ» ብዬ ጻፍኩ። «አንድ ሰዓት ከአርባ። ባለ ስምንት ቅርንጫፍ። ስልሳ እርምጃ። ሳተ።» አርቪድ መነጽሩን አድርጎ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄኛው እውነት ነው» አለ።

ዌስ ሽርጡን እያሰረ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለ። «እጁ ይባረክ የሚለውን አትጨምርም?»

«ለሳተ ሰው?»

«ለሳተ ሰው።»

ጨመርኩት።